በሹክሹክታ የተጠራ «ቤቶች»

አንድ ጊዜ ሚስቱ የሞተችበት አያ ጅቦ የሚባል ጅብ ድምቡሼ ከምትባል አንዲት ልጁ ጋር ይኖር ነበር። ሆዱን ይወዳል፤ ከሆዱ አስበልጦ የሚወደው ቢኖር ይህችኑ ልጁን ብቻ ነው።

አንድ ቀን ከገደል የወደቀ አህያ አገኘ። ጎትቶ ደጁ ላይ ካለው ሰፊ ንጣፍ ድንጋይ አጠገብ አደረሰውና ጭንቅ ያዘው። ጎረቤት ካየ «አካፍለን» ሊል ነው! ስለዚህ ከንጣፉ ሥር ቆፍሮ ሊደብቀው ቆረጠ። ድምቡሼንም «የኔ ልጅ፣ እማማ ጃርት ቤት ሄደሽ ከልጆቿ ጋር ተጫወቺ» ብሎ አሰናበታት። የጃርት ቤት በሩ አያ ጅቦ ከሚኖርበት ኮረብታ ጀርባ ነው። ጓዳው እስከ የት እንደሚዘልቅ ግን አያ ጅቦ ጠይቆ ያውቃል? ወዴት!

በዚያ ኮረብታ ቁፋሮ ደንብ አለው። ቆፋሪ መጀመሪያ ንጣፉን በግንድ ይደግፋል። ከዚያ ድንጋዩን እየመታ «ቤቶች! ቤቶች!» ብሎ ይጣራና ጆሮውን መሬት ላይ አድርጎ ይጠብቃል። ከሥር ያለ ሁሉ ልጁን ይዞ ይወጣል።

ይሄኔ ሥጋ የሸተታት ቀበሮ ከተፍ አለች።

«እቴ ቀበሮ፣ ብጣራ አገሩ ሁሉ ሊሰበሰብብኝ ነው። ባልጣራ ደንብ ጣሰ ሊሉኝ ነው። ምን ይሻለኛል?»

«ሞኝ አትሁን እንጂ አያ ጅቦ! ደንቡ ተጣራ አለ እንጂ ጩህ አለ? በሹክሹክታ ተጣራ።»

«እውነትሽን ነው! ግንድ ፍለጋ ስሄድስ ሥጋውን ማን ይጠብቅልኛል?»

«እኔ አለሁ አይደል?»

እዚህ ላይ እንኳ አልተሞኘም። የአህያውን የጭን አጥንት ነቅሎ ንጣፉን በእሱ ደገፈው። ከዚያ ወደ መሬት ጎንበስ ብሎ «ቤቶች» አለ፤ ራሱም በቅጡ አልሰማውም። መልስ ሳይጠብቅ ቁፋሮውን ተያያዘው።

ሲቆፍር ራበው። አጥንቱን አየት አደረገና «ጫፉን ብቻ» አለ። ጫፉን ቆረጠመ። ቀጥሎ መሃሉን። ንጣፉ ጓ ብሎ ከነአፈሩ ወደ ውስጥ ተደረመሰ፤ እሱ ለጥቂት ዘሎ ዳነ።

እማማ ጃርት አቧራ ለብሳ፣ ልጆቿን እየነዳች እየሮጠች መጣች።

«ድምቡሼስ? ልጄ የታለች?» አለ አያ ጅቦ።

«ጓዳ ተኝታ ነበር» አለች ጃርት። «ከንጣፍህ ሥር። ምነው፣ ሳትጣራ ትቆፍራለህ?»

«ተጣርቻለሁ! ቀበሮ ትመስክር!»

ዞር ሲል ቀበሮ የለችም፤ የአህያው ጉበትም የለም።

ጥፍሩ እስኪነቀል ድንጋዩን ቧጠጠ። ሥጋውን ሊደብቃቸው የነበሩት ጎረቤቶች ሁሉ መጥተው አብረውት ገፉ። አህያውን ዞር ብሎ ያየ አልነበረም። ድንጋዩ ግን ንቅንቅ አላለም።

ሲመሽ ሁሉም ወደየቤቱ ገባ። አያ ጅቦ ብቻውን ንጣፉ ላይ ተደፍቶ ባለ በሌለ ድምፁ «ቤቶች! ቤቶች!» እያለ ተጣራ። ከዚያ ጆሮውን ድንጋዩ ላይ አድርጎ ጠበቀ፤ አሁንም ይጠብቃል።

ከዚህ የምንማረው ለደንቡ ያህል ብቻ የሚደረግ ጥንቃቄ የገዛ ልጅን እንኳ እንደማያድን ነው።