የአጋዘኖቹ ዋሶች

አንድ ከተማ በጫካ ጥግ ነበረች። ከላይ ግንብ አጥርና የብረት በር ያላቸው ቤቶች ተደርድረዋል፣ ከታች የገበሬ ማሳ ይታያል። በሁለቱ መካከል አጋዘኖች እንዳሻቸው ይመላለሳሉ። ድሮ ነብሩም አንበሳውም ስለሚበላቸው ቁጥራቸው ልክ ነበረው። በኋላ ሰው አውሬውን ገድሎ ጨረሰ፣ ጫካውንም እየመነጠረ ቤት ሠራበት። አጋዘኖቹ በዙ፣ ግጦሹ አነሰ። የከተማዋ ሰዎች ግን ይህ የማንም ጥፋት አይደለም ብለው ያስቡ ነበር፤ ያው እንደ እኛው ማለት ነው።

የላይ ሰፈር ሰዎች አጋዘኖቹን ይወዷቸዋል። ለምን አይወዷቸው? ጠዋት ጠዋት በአጥር ላይ የጎመን ቅጠል ይወረውሩላቸዋል፣ ልጆቻቸው ሲያዩ ይስቃሉ፣ እንግዳ ሲመጣ «ኑ እስቲ እዩልን» ይባላል። አጋዘኖቹ ጎመኑን ይቀማምሱና ወደ ታች ወርደው ትርንጎ የምትባል ገበሬ ማሳ ላይ ራታቸውን ይበላሉ።

ትርንጎ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ሁለት ሴቶች ልጆች አሏት፣ ያላት መሬት ደግሞ ያ የአተር ማሳ ብቻ ነው። ባለፈው ዓመት ግማሹን በሏትና ክረምቱን ጎረቤት እየሰፈረላት አለፈችው። ዘንድሮም ከበሏት ቤቷን ዘግታ፣ ልጆቿን ይዛ፣ ሰው ቤት ሥራ ፍለጋ መሰደዷ ነው። ስለዚህ ወደ ከተማው ዳኛ ሄዳ አቤት አለች። ዳኛው ጫካውን የሚያውቁ ሰዎችን አማከሩ። ሰዎቹም መንጋው ለመሬቱ በዝቷል፣ በጋው ሲጠና በረሃብ ያልቃል፣ ያን ጊዜ የሰውም እህል አይተርፍም አሏቸው። በከተማዋ ጥግ ያለው መንጋ እንዲገደል ተወሰነ፣ አዳኝም ተጠራ።

ይኼኔ የላይ ሰፈር ግልብጥ ብሎ ወጣ። አዳኙ ጠዋት ጠመንጃውን ከትከሻው ሲያወርድ ጓንጉል የሚባል፣ ድምፁ ከሰፈሩ ጫፍ እስከ ጫፍ የሚሰማ ሰው እጁን ዘርግቶ መሐል ገባ።

«በሕግ አምላክ» አለ።

መቼም ይህ ቃል በአገራችን የሚሮጠውን ያቆማል፣ የተነሳ ዱላ ያወርዳል። አዳኙም ቆመ። አፈ ሙዙን ወደ መሬት ደፍቶ «እኔ የታዘዝኩ ሰው ነኝ፤ ጣጣችሁን ከዳኛው ጋር ጨርሱ» አለ። ዳኛው ተጠርተው መጡ።

«በሕግ አምላክ ያልከው አንተ ነህ?» አሉት።

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ። እነዚህ አፍ የሌላቸው ፍጥረቶች ምን አጠፉ? ነፍስ አይደሉም ወይ? እግዜር የፈጠረውን ሰው ምን አግብቶት ይፈጃል?»

ሕዝቡ «እውነት ነው፣ እውነት ነው» እያለ አጀበው። ያለቀሱም ነበሩ። ትርንጎ ከታች ወጥታ ዳር ቆማለች።

«እኔስ ነፍስ አይደለሁም?» አለች።

የሰማት ጥቂት ሰው ነው። አንዷ ሴትዮ ዞር ብላ ከላይ እስከ ታች አየቻትና «ምን ዓይነት ጨካኝ ነሽ፣ ለዚች ለጥቂት አተር ብለሽ» አለቻት። ጥቂት መባሉ የሌላ ሰው ስለሆነ ነው እንጂ፣ ከሴትዮዋ ጓዳ አንድ ቁና ቢጎድል ሰፈሩን በጩኸት ታፈርሰው ነበር።

ዳኛው ሁለቱንም ወገን ዝም አሰኙ። «ደህና» አሉ። «የተከሰሰ ሰው ይለቀቅልን ሲባል ዋስ ይጠራል። እነዚህም ተከሰዋል፣ ከሳሻቸው ያቻትና ቆማለች። ለአጋዘኖቹ ዋስ የሚሆን ማን ነው?»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ለአውሬ ዋስ ሲጠራ ሰምቶ የሚያውቅ የለም። ከኋላ የሳቁ ነበሩ። ጓንጉል ግን አልሳቀም፤ ሰውየው ሞቆታል። «እኔ ዋስ ነኝ» አለ ደረቱን እየመታ። «እኔም አለሁ»፣ «እኛም አለን» ሲል ሰፈሩ ተከተለው።

«ዋስነት ቀልድ እንዳይመስላችሁ» አሉ ዳኛው። «አተሩ እስኪታጨድ ድረስ ማሳዋ ዳር ያለው ማማ ላይ እየወጣችሁ በየተራ ማሳዋን ጠብቁላት። ከጠበቃችሁ ጠመንጃው ይመለሳል፣ ለመንጋውም ሌላ ዘዴ ቁጭ ብለን እንፈልጋለን። ካስበላችሁ ግን ከሁለት አንዱ ነው። ወይ አጋዘኖቹን በየግቢያችሁ አስገብታችሁ ከራሳችሁ አትክልት ትቀልቧቸዋላችሁ፣ ወይ ከጠመንጃው ፊት ገለል ትላላችሁ። ተስማማችሁ?»

ሁሉም እጁን አውጥቶ ማለ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ ሰው ይህን የሚያስታውሰው ግን ካወጣው በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ሰሞን ማማው ሰርግ ቤት መሰለ። ጃንጥላና ስንቅ አስይዘው ይመጣሉ፣ ወንጭፍ ያጮሃሉ፣ ተራቸው ያልሆኑት ሳይቀሩ ሊያጫውቱ ይወርዳሉ። ጓንጉል ራሱ በተራው ሲወጣ ድምፁን የሰማ አጋዘን ማሳው አጠገብ አልደረሰም። ትርንጎ ደስ ብሏት የአተር እሸት እየቀነጠሰች አቀረበችላቸው። «ክፉ ሰዎች መስለውኝ ነበር፤ ለካ እኔ ነኝ ክፉዋ» አለች ለልጆቿ።

ከዚያ ብርዱ መጣ። አንዱ ጉንፋን ያዘኝ አለ። ሌላዋ እንግዳ አለብኝ፣ ነገ እክሳለሁ አለች። ነገ ደግሞ ሌላ እንግዳ መጣ። ትርንጎ ቀን ስታርም ውላ ሲመሽ ራሷ ማማው ላይ መውጣት ጀመረች። ዓይኗ ቀላ፣ ሰውነቷ ከሳ። አተሩ ደግሞ እየጎመራ ነበር፤ ጥቂት ቀናት ብትታገስ ይታጨዳል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አልቻለችምና ወደ ላይ ሰፈር ወጥታ የጓንጉልን በር አንኳኳች።

«አቶ ጓንጉል፣ የዛሬው ተራ የእርስዎ ነበር። ዛሬን ብቻ ይውረዱልኝ፣ እንቅልፍ ሊጥለኝ ነው።»

«አውቃለሁ፣ እህቴ» አላት። «ለጎረቤቴ ነግሬዋለሁ፤ እሱ ይወጣልሻል።»

ጎረቤትየው ጋ ሄደች። «እኔማ ለወዲያኛው ቤት ሰውዬ አደራ ብያለሁ» አላት። የወዲያኛው ቤት ሰውዬ ጉዞ ሄዷል። ትርንጎ ቁልቁል ወረደች። የጓንጉል ሚስት ደብሪቱ ከበሩ ኋላ ሆና ይህን ሁሉ ሰምታለች። ደብሪቱ ሰው መሐል መናገር አትወድም፣ በዚያ የጩኸት ቀንም ድምፅ አላወጣችም። አጋዘኖቹን ማለዳ ማለዳ ጨው በእጇ የምታልሳቸው ግን እሷ ነበረች።

«አንተ ሰውዬ፣ ተራህ አይደለም እንዴ?» አለችው።

«ነግሬዋለሁ አልኩሽ እኮ» አለና ጋቢውን ተከናነበ።

ያን ዕለት ትርንጎ ብቻዋን አመሸች፣ ብቻዋን አነጋች። ሰማዩ ሊገለጥ ሲል እንቅልፍ አሸነፋት። የነቃችው በአተር ሐረግ መቀንጠስ ድምፅ ነው። መንጋው ማሳው ውስጥ ነበር። ወንጭፉን አጮኸች፣ ዘልላ ወርዳ እየሮጠች ጮኸች፣ ማንም አልደረሰላትም። መንጋው ወጥቶ ሲሄድ የቀራት ከዳር ዳር ያለው፣ ያልተረገጠው ትንሽ አተር ነው። ልጆቿ ከቤት ወጥተው አጠገቧ ቆሙ። ትርንጎ አላለቀሰችም፣ ፊቷን ታጠበችና ወደ ዳኛው ሄደች።

ዳኛው ሳይውሉ ሳያድሩ አዳኙን አስከትለው መጡ። ረዳቶቹ መንጋውን ከጫካው በኩል ከበው በማሳውና በግንቡ መሐል ባለው ሜዳ ላይ አቆሙት። የላይ ሰፈርም ወጣ። ዛሬ የሚጮህ የለም። ፊታቸውን አጥቁረው ወደ ትርንጎ እየቀረቡ «አይዞሽ»፣ «እግዜር ይተካልሽ» ይሏታል።

«እግዜርን ተዉት» አለች። «እሱ ዋስ አልሆነም። ዋስ የሆናችሁት እናንተ ናችሁ።»

ጓንጉል ጉሮሮውን ጠረገና «በሕግ አምላክ፣ ዳኛ…» ብሎ ጀመረ።

«በሕጉማ ነው እዚህ የደረስነው» አሉ ዳኛው። «ሁለቱን መንገድ ነግሬያችሁ ምላችኋል። አሁን በሮቻችሁን ክፈቱና አስገቧቸው።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። አጋዘኖቹ የጎመኑ ሰዓት ደርሶ መስሏቸው ወደ አጥሮቹ ቀና ቀና ይላሉ። ግልገሎቹ እናቶቻቸውን ተጠግተው ቆመዋል።

«የእኔ ግቢ ጠባብ ነው» አለ አንዱ።

«ገና ችግኝ ማፍላቴ ነው፤ ትንሽ ቀደም ብሎ ቢሆን» አለች ሌላዋ።

«ልጆች ያሉበት ቤት ቀንዳም አውሬ እንዴት ይገባል?»

ሁሉም ጓንጉልን አየው። ጓንጉል መሬት መሬት እያየ «ሐሳቡ መጥፎ አይደለም» አለ። «ግን እንዲህ በጥድፊያ አይሆንም። ኮሚቴ ይቋቋምና ነገሩ በደንብ ይጠና።»

ዳኛው የተዘጉትን በሮች አዩ። ከዚያ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ለአዳኙ ምልክት ሰጡት። አዳኙ ጥይት አጎረሰ። ትርንጎ ፊቷን አዞረች፤ የጠየቀችው እሷ ብትሆንም ማየት አልቻለችም።

በዚህ መሐል የብረት መቀርቀሪያ ሲሳብ ተሰማ። ደብሪቱ የግቢዋን በር ሁለቱንም ተከፋች ወለል አድርጋ ከፈተችው።

«ሴትዮ፣ ምን እያደረግሽ ነው?» አለ ጓንጉል።

«በር እየከፈትኩ።»

«ጽጌረዳዬስ? የኮክ ዛፌስ? ይህን ሁሉ ዓመት የደከምኩበት! ማንን አስፈቅደሽ ነው?»

«አንተ ዋስ ነኝ ስትል እኔን አስፈቅደኸኝ ነበር እንዴ? ሰው ዋስ የሚሆነው ከነቤቱ ነው፤ እኔም እዚያ ቤት ውስጥ ነኝ» አለችው። ከዚያ በኋላ መለስ ብላም አላየችው።

እጇ ላይ ጨው አድርጋ አጋዘኖቹን ጠራቻቸው። አንዲት አሮጊት አጋዘን አሸትታ ገባች። ግልገሎች ተከተሉ፣ ሌሎችም ተግተልትለው ገቡ። ጽጌረዳው ወዲያው ተረገጠ። አዳኙ ዳኛውን አየ፣ ዳኛው ጠብቅ አሉት። ግቢው ሞላ፣ ተጣበበ፣ ከዚያ ወዲያ ቢገቡ ግልገሎቹ የሚረገጡ ሆነ። ደብሪቱ ቀና ብላ የጎረቤቶቿን በር አንድ በአንድ አየች። ሁሉም ዝግ ነው፤ ባለቤቶቹ ከፊታቸው ቆመዋል።

«አንድ በር» አለች። «አንድ ሰው አንድ በር ይጨምርልኝ።»

ጠበቀች። የጨመረላት የለም። በሩን እያለቀሰች ገፍታ ዘጋችው። ከውጭ የቀሩት እዚያው፣ ጎመን በሚወረወርላቸው አጥሮች ሥር በጥይት ወደቁ።

ነገሩ ሲበርድ ደብሪቱ ወደ ትርንጎ ቤት ወረደች። «የባሌ ተራ ነበር፣ የበላሽ የእኛ ቤት ነው። ማሳሽ እስኪያፈራ ከጓዳዬ ትበያለሽ» አለቻት። ትርንጎ ልጆቿን አየችና እሺ አለች። ከዚያ በኋላ ከሰዓት ከሰዓት ትርንጎ አንድ ሸክም ሣር አጭዳ ወደ ላይ ትወጣለች፣ ሁለቱ ሴቶች አጋዘኖቹን አብረው ያበላሉ። ስለዚያ ቀን አያወሩም። ትርንጎም ሳትሰደድ ቀረች።

አሁን እንግዳ ሲመጣ ጓንጉል በሩ ላይ ቆሞ አጋዘኖቹን ያሳያል። «እነዚህን ያተረፍናቸው እኛ ነን፤ ጠመንጃ ፊት ቆመን» ይላል። ጎረቤቶቹም «አብረን ነበርን እኮ» ይላሉ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኼ ነው። ደብሪቱ ከጓሮ ሆና ትሰማለች፤ መጥረጊያ ይዛ ፋንድያ ትጠርጋለች።

ወገኖቼ፣ መጮኹን አልነቅፍም። ያን ቀን ማንም ባይጮህ ኖሮ አንድም አጋዘን ባልተረፈ። እኔን የሚያናድደኝ ከጩኸቱ በኋላ ያለው ነው። በሰው ማሳ ላይ ደግ መሆን ለማንም አይከብድም። የምሕረታችን ልክ የሚታወቀው በገዛ ጓሯችን ሲጠየቅ ነው፤ ከዚያ ሁሉ አልቃሽ ሰፈር የተገኘው ምሕረት አንድ ግቢ ሙሉ ነበር። ደግሞ የሌላውን ጉዳት «ጥቂት» ያለ ሰው፣ ለማን እያዘነ እንደሆነ ራሱን ይመርምር።

ይህን ታሪክ ለሌላ ሰው ከማስተላለፋችሁ በፊት ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። እናንተስ ሰው ፊት ደረታችሁን መትታችሁ «እኔ አለሁ» ያላችሁት ለማን ነበር? ይኼኔ ከበራችሁ ውጭ ቆሞ ቀና ቀና እያለ ይሆን?