የአራት ዓመት ስብሰባ

ልጅ ስታሳድግ የከረመች ሴት «የት ነበርሽ?» ስትባል ምን ትበል? የዚህ ታሪክ እናትም እስከዚያ ቀን ድረስ አላወቀችውም ነበር።

የጽዳት ሥራ ካላገኘች ለልጇ ወተት መግዣ የላትምና የአንድ ሥራ አስኪያጅ ደጅ ስትጠና ዋለች። በጠየቀች ቁጥር ጸሐፊዋ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ትላታለች። ከሰዓት በኋላ ሰውየው በስቴኪኒ ጥርሱን እየጎረጎረ ከመኪናው ወረደና ከጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ የእናቲቱን ማመልከቻ አንስቶ አየ።

«አራት ዓመት ሥራ ፈትተሽ የት ነበርሽ? አጥጋቢ መልስ ከሌለሽ ሂጂ!» አላት።

እሷም ቀበል አድርጋ መለሰች። «ስብሰባ ላይ ነበርኩ፣ ጌታዬ።»

«አራት ዓመት? የምን ስብሰባ?»

«ሰብሳቢው ልጄ ነው። ይበላል፣ ይተኛል፣ ሲነቃ ይቆጣል። ከእርስዎ ስብሰባ የሚለየው፣ የእኔው ጥርስ እስኪያወጣ ስቴኪኒ ስላላሻው ነው።»

ጸሐፊዋ ሳቋን አፈነች። ሰውየው ስቴኪኒውን ኪሱ ከቶ «ነገ ተመለሺ» አለ።

ነገም «ስብሰባ ላይ ናቸው» ቢሏትስ? እስቲ እናንተው ምከሯት።