ሊቀመንበሩ መኪናቸውን ከፍ ያስደረጉ ጊዜ

አንድ ቀን አቶ አሰግድ የሚባሉ የማር ነጋዴ አሮጌ ፒካፓቸውን ይዘው ጋራዥ ገቡ። ሰውየው ከንግዱ ሌላ የወረዳው የመንገድ ሥራ ኮሚቴ ሊቀመንበር ናቸው። ከተመረጡ ወዲህ አንድም የተሠራ መንገድ ባይኖርም፣ «ሊቀመንበር» ብሎ ላልጠራቸው ሰው ሰላምታ አይመልሱም። ሰሞኑን ደግሞ ከእሳቸው መኪና ከፍ የምትል መኪና ከተማው ውስጥ ስለታየች እንቅልፍ አጥተዋል።

ሹፌራቸው ወዳጆን የሚያስጨንቀው ሌላ ነው። የገጠሩን መንገድ ከባድ መኪና አርሶታል። ግራና ቀኙ ቦይ፣ መሀሉ ጉብታ ነው። ዝናብ በጣለ ቁጥር ጉብታው የፒካፗን ሆድ ይይዝና ወዳጆ ጭቃ ላይ ተጋድሞ ሲቆፍር ይውላል።

መካኒኩ ከማል መኪናዋን ጎንበስ ብሎ አያትና፣ «ሁለት ዓይነት አሠራር አለ» አለ። «አንደኛው ባሌስትራዋን፣ ከሥር የሚሸከማትን ሞላ ብረት፣ ከፍ በሚል መቀየር ነው። ያን ጊዜ የታችኛው አጽሟ ሻንሲውም፣ ላዩ ቦዲውም አብረው ይነሳሉ፤ ሆዷ ከመሬት ይርቃል። ሁለተኛው በሻንሲውና በቦዲው መሀል ታኮ ማስገባት ነው። እሱ ቦዲውን ብቻ ነው የሚያነሳው፤ ታች ያለው እንዳለ ይቀራል።»

«ቆሞ ለሚያያት ሰው የቱ ይረዝማል?» አሉ አቶ አሰግድ።

«ለሚያያትማ ያው ነው።»

«የቱ ይረክሳል?»

«ታኮው።»

«ታዲያ ምን ታደርቀኛለህ? ታኮውን አስገባ።»

ወዳጆ አላስችል አለው። «ጋሼ፣ መንገድ ላይ የሚይዘን እኮ ከታች ነው። ባሌስትራው ይሻለን ነበር።»

«አንተ መሪህን ያዝ» አሉት። «ሰው የሚያየው ላዩን ነው። ሆዷን ተጋድሞ የሚያይ ማን አለ?»

«እኔ አለሁ» አለ ወዳጆ፣ በልቡ።

መኪናዋ ተሠርታ ስትወጣ አቶ አሰግድ እጀታውን ይዘው እየተንጠላጠሉ ገቡ፤ ያለ ጉዳይም ከተማውን ሲዞሩ ዋሉ። ሰላም ያሉት ሰው ሁሉ አንጋጦ ነው የሚመልስላቸው። ደስ አላቸው።

ብዙም ሳይቆይ የአንድ ቀበሌ ሕዝብ ስለ መንገዱ ሊያነጋግራቸው ጠራቸው። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ነበር። የተሰበሰበው ሰው ከነወንበሩ ከነጠረጴዛው እየታያቸው፣ መድረስ ሲቀራቸው ፒካፗ ሆዷን ጉብታው ላይ አሳረፈች። ጎማዎቹ ባዶ ይሽከረከራሉ እንጂ ወደፊትም ወደኋላም የለም። ወዳጆ ወርዶ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ገባ። ሰዉም አንድ ሁለት እያለ ሊገፋ መጣ።

አቶ አሰግድ አልወረዱም። ይህን ሁሉ ሰው ሲያዩ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሊያሳውቁ ፈለጉና በመስኮቱ አንገታቸውን አወጡ።

«መንዳት አትችልም» አሉ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብለው። «መኪናዋን አሳምሬ ከፍ አስደርጌ ሰጠሁህ፣ አንተ ዛሬም እንደ ድሮው ጭቃ ላይ ታስቀምጠኛለህ። እስቲ ለዚህ ሕዝብ ንገረው፣ ከፍ አላስደረግሁም? መልስ ከሌለህ ቁልፉን አስረክብና በእግርህ ሂድ።»

ወዳጆ እንጀራው በዚህች ቃል ላይ እንዳለ ገብቶታል። ሆኖም ጭቃ ውስጥ ቆሞ ወደ ላይ አንጋጦ ሲያያቸው፣ ፍርሃቱ የት እንደሄደ እንጃ።

«አስደርገዋል እንጂ ጋሼ» አለ ረጋ ብሎ። «ግን ከፍ ያለው የእርስዎ ወንበር ብቻ ነው። እኛ ታች ያለነው መቼ ከጭቃው ወጣን?»

ሊገፋ የመጣው ሰው ሁሉ እጁን ከመኪናዋ አንስቶ በሳቅ የራሱን ሆድ ያዘ።