የአሥራ ሦስት ልጆች ነጠላ

«አንድ ሸማኔ ነበረ» አሉ መምህር ወንድይራድ፣ ጥያቄዋን በቅጡ እስክትጨርስ እንኳ ሳይጠብቁ።

ጠያቂዋ ወለላ ናት፤ በዚያው ዓመት የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህርት ሆና የተሾመች፣ ድሮ እሳቸው ፊደል ያስቆጠሯት። ወላጆች ለሁለት ተከፍለውባታል። ግማሹ ዩኒፎርም ይቅር፣ ልጆቻችን የፈለጉትን ይልበሱ ይላል። ግማሹ ደግሞ ዩኒፎርም ያልለበሰ በበሩ አይለፍ ይላል። በዚያ ሳምንት ብቻ ዩኒፎርም የሌላቸው ሦስት ልጆች በእሷው ትእዛዝ ከበር ተመልሰዋል። «ጋሼ፣ አንድ ዓይነት ልብስ ልጆችን አንድ ያደርጋል ወይስ አያደርግም? የቱን ልያዝ?» ብላ ነበር የመጣችው። እሳቸውም የሸማኔውን ተረት አመጡላት።

አንድ ሸማኔ ነበረ። በሚኖርበት አገር ሰው ሸማውን ይወዳል፣ ሸማኔውን ግን «ቁጢት በጣሽ» እያለ ይንቃል። እሱ ደግሞ ኩሩ ነው። የሚኮራው በአንድ ነገር ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የአንዱን ቤት ፈትል ከሌላው ቤት ፈትል ቀላቅሎ አያውቅም። የሴት ልጅ ፈትል እንዝርት ላይ የዋለችበት ድካሟ ነው፤ ለሸማኔ አደራ ትሰጠዋለች፣ ሸማ ሆኖ ይመለስላታል። ፈትል የቀላቀለ ሸማኔ ሌባ ይባላል፣ ዳግመኛም ልቃቂት የሚያመጣለት የለም። ለእርሱ ግን ሴቶቹ ሳይመዝኑ፣ ሳይቆጥሩ፣ ደጁ ላይ ጥለውለት ይሄዱ ነበር።

በዚያ አገር በጥምቀት ቀን ታቦት ፊት የሚዘምሩ አሥራ ሦስት ልጃገረዶች ነበሩ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚባለውን ይዞ፣ አንድ ባለጠጋ ልጁን የከፈይ ቀሚስ አልብሶ አመጣት። ከጎኗ የቆመችው የእንጨት ለቃሚ ልጅ ቀሚሷ ጀርባው ላይ ሦስት ቦታ ተጥፏል። ሰዉ ታቦቱን ትቶ ቀሚስ ሲያይ፣ ሲስቅና ሲያማ ዋለ። የእንጨት ለቃሚዋ ልጅም ዝማሬውን አቋርጣ እያለቀሰች በሰው መሀል እየተሽሎከለከች ወጣች።

የደብሩ አለቃ ደግ ሰው ነበሩና አዘኑ። በሚቀጥለው ዓመት ደንብ አወጡ፦ «ዘማሪዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ነጠላ ይልበሱ። ጥለቱ አረንጓዴ፣ ወርዱ አንድ ጣት ይሁን። ያንን ያልለበሰች ከሰልፍ አትገባም።» ፈትሉን እያንዳንዱ ቤት ያመጣል፣ ሸማኔው ይሠራል ተባለ።

የአሥራ ሁለቱ ቤት ፈትል መጣ። የባለጠጋው ሚስት በአገሩ የታወቀች ፈታይ ናት፤ ፈትሏ እንደ ፀጉር ቀጥኖ እኩል የወረደ ነው። ከአንዳንዱ ቤት የመጣው ደግሞ እዚህ ወፍሮ እዚያ ቀጥኖ፣ ቋጠሮ በቋጠሮ ነው። ሸማኔው በእጁ እየዳበሰ ሳቀ። ጥለቱ አንድ ይሁን እንጂ ባለቤቱን ፈትሉ ራሱ ሊናገር ነው።

ከእንጨት ለቃሚዋ ቤት ግን ምንም አልመጣም። ሴትዮዋ ክረምቱን እጇን ታምማ እንዝርት አልጨበጠችም። ይህን ለልጇ መንገር አሳፈራትና «ነጠላሽ ሸማኔው ጋ ነው» ብላት ኖሯል። ልጅቱ አንድ ቀን መጣች።

«አባባ፣ የኔ ደረሰ?»

«ገና ነው» አላት።

በማግስቱም መጣች። «አባባ፣ ዛሬስ?»

«ገና ነው፣ ልጄ።»

ሦስተኛ ቀን ስትመጣ ሸማኔው እግሩን የመሸመኛው ጉድጓድ ውስጥ እንደከተተ ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ ነበር። ከፊቱ አሥራ ሁለት ቤት አምኖ የሰጠው ፈትል አለ። አንዲት ልጅ ደግሞ የሌላትን ነጠላ ትጠይቀዋለች። የለሽም ቢላት እንዳምናው ልታለቅስ ነው፤ ዘንድሮ የምትባረረው ደግሞ በደንብ ነው። አለሽ ቢላት የሠላሳ ዓመት ስሙ ገደል ይገባል። ስም ማለት ለእርሱ እንጀራው ነው። ከሸማና ከስሙ በቀር ሌላ ሀብት የለውም።

«ለከተራ ይደርሳል» አላት።

እሷ እንደሄደች የአሥራ ሁለቱን ቤት ፈትል በሙሉ አንድ ላይ ደባለቀው። የባለጠጋውን ድር አደረገ፣ የድሃውን ማግ፤ መልሶም የድሃውን ድር፣ የባለጠጋውን ማግ አደረገ። ለአንድ ነጠላ ከሚሄደው አሥራ ሁለት ክንድ ሸማ አንድ አንድ ክንድ ቀነሰ። ከአሥራ ሁለቱ ቤት ፈትል አሥራ ሦስት ነጠላ ወጣ።

የከተራ ዕለት ጠዋት ነጠላዎቹን ተሸክሞ ደጀ ሰላም ሄደና በየስማቸው እየጠራ አደላቸው። እንጨት ለቃሚዋ የልጇ ስም ሲጠራ ሰምታ በእጇ አፏን ያዘች። የባለጠጋው ሚስት የልጇን ነጠላ ጫፍ በጣቶቿ መሀል አሸት አሸት አደረገች። ፊቷ ተለወጠ። የጎረቤቷን ልጅ ነጠላ ያዘች፣ የሚቀጥለውንም ያዘች።

«ይኼ ፈትሌ ነው» አለች። «እዚህም አለ። እዚህም አለ! ምን አድርገኸው ነው?»

ባሏ በዱላው መሬቱን መታ። «አላልኳችሁም? ቁጢት በጣሽ ሲታመን! ሌባ!»

ሸማኔው አልሸሸም፣ አላቀረቀረምም።

«ቀላቅያለሁ» አለ። «ሠላሳ ዓመት ያላደረግሁትን ዘንድሮ አድርጌአለሁ፣ ሌባ በሉኝ። ግን አለቃ፣ ልጆቹ አንድ ይምሰሉ ያሉት እርስዎ ነዎት። ፈትላቸው በየቤቱ ተለይቶ እንዴት አድርጌ ነው አንድ የማስመስላቸው? ፈትል የሌላትንስ ምን ላልብሳት? እመቤቴ፣ የእርስዎ ፈትል አሥራ ሦስቱም ላይ አለ። ከፈለጉ ይተርትሩና ይውሰዱ።»

የባለጠጋው ሚስት ወደ እንጨት ለቃሚዋ ልጅ ሄደች። ልጅቱ ነጠላዋን በሁለት እጇ ጭምድድ አድርጋ ይዛ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ሴትዮዋ ጫፉን ዳበሰች፣ ፈትሏን አገኘችው። እዚያው ቆማ ልጆቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ከዚያ ነጠላውን ከልጅቱ እጅ ተቀብላ ዘረጋችው፣ በትከሻዋ ላይ አሳምራ አጣፋችላትና ወደ ባሏ ዞረች።

«ዱላህን ሰብስብ» አለችው። «እስከ ዛሬ የኔ ፈትል አንዲት ልጅ ብቻ ነበር የሚያለብሰው። ዘንድሮ አሥራ ሦስት ልጅ አልብሻለሁ። እኔ ያልኮራሁ ማን ይኩራ!»

ይህን ጊዜ ሌሎቹም እናቶች እልል አሉ፤ የእነርሱም ፈትል አሥራ ሦስቱም ላይ አለና። በማግስቱ ልጆቹ ታቦት ፊት ሲዘምሩ ቀሚስ የሚያይ አልነበረም። እናቶቹ የሚያዩት የየራሳቸውን ልጅ ብቻ ሳይሆን አሥራ ሦስቱንም ነበር። ሸማኔው ከሰው ኋላ ቆሞ ደረቱን ነፍቶ አየ። ከዚያ ወዲህ ፈትላቸውን በሚዛን እየለኩ የሚሰጡት ቤቶች አልጠፉም፣ ይህም እስኪሞት ድረስ ቆረቆረው። «ይቆጭሃል?» ብለው ሲጠይቁት ግን፣ «ዘንድሮም ባገኝ እቀላቅለዋለሁ» ይል ነበር።

መምህር ወንድይራድ ወደ ወለላ ዞሩ።

«እንግዲህ ልጄ፣ ሸማ በየፈርጁ ይለበሳል፣ ለትምህርት ቤትም የራሱ ልብስ ቢኖረው ደግ ነው። ይቅር ለሚሉሽ የከፈዩን ቀሚስ ቀን ንገሪያቸው። አይለፍ ለሚሉሽ ደግሞ የአለቃውን ደንብ ንገሪያቸው። አንቺም እንደ አለቃው ነው ያደረግሽው። ልብሱን አንድ አደረግሽ፣ ፈትሉን ግን በየቤቱ ተውሽው። የሌላትን ልጅ በር ላይ ስታቆሚያት የእናቷን ድህነት ለትምህርት ቤቱ ሁሉ የምታሳዪው አንቺ ነሽ። አሮጌ ቀሚሷ ቢያሳፍራትም ከበር አልመለሳትም ነበር።»

ወለላ አቀረቀረች። «ታዲያ ምን ላድርግ፣ ጋሼ?»

«ወላጆቹን ሰብስቢ። ጨርቁ በአንድ ላይ ይገዛ፣ ያለው ለሌለው ይጨምር፣ ለሁሉም በአንድ ልክ ይሰፋ። የማን ብር በየትኛው ልጅ ትከሻ ላይ እንዳለ ማንም አይወቅ። እስከዚያ ሦስቱ ልጆች ባላቸው ልብስ ይግቡ። ሰው ያማሻል፣ ደንብ አፈረሰች ይልሻል፣ ከስምሽም ትንሽ ይጎድላል። ይጉደል! አንድ ሰኞ ጠዋት ባንዲራ ሲወጣ ልጆቹ ሁሉ ተሰልፈው ታያቸዋለሽ። ያን ቀን ኩሪ። ትዕቢት ነው ብዬ አልቆጣሽም።»