አልቆምም ያለው እግሬ

ስሙኝማ። ካልሰማችሁኝም ለግድግዳው አወራለታለሁ፤ እሱ ለምዶኛል።

ደሴ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ በላይ ባለው አቀበት ላይ፣ አላምረው የሚባል ጫኝና አውራጅ ነበር። እኔ ነኝ። ያኔ ኩንታሉን ከመኪና አውርጄ መጋዘን ሳስገባ ትንፋሼ እንኳ አይሰማም ነበር። ታዲያ ቲቢ ያዘኝ። መድኃኒቱን ጨረስኩ፣ ቲቢው ለቀቀኝ፣ ጡንቻዬን ግን ጠራርጎ ይዞት ሄደ። ከዚያ ወዲህ የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ግቢው ጥግ ወዳለው ሽንት ቤት በራሴ እግር መሄድ። ሚስቴ ሞታለች። የምታነሳኝም የምታስቀምጠኝም ልጄ ትርንጎ ናት፤ ኮምቦልቻ ካገኘችው የፋብሪካ ሥራ ፈቃድ ወስዳ መጥታ። ሴት ልጅ አባቷን ደግፋ ሽንት ቤት ስታስገባ ምን እንደሚሰማው አትጠይቁኝ። አፍሬአለሁ፣ በቃ።

"ተነስ እንጂ" አልኩት እግሬን። እግሬ አልቆምም አለ፣ ጡንቻ ካልመጣ።

ጡንቻን ለመንኩት። አልመጣም አለ፣ ዱቄቱ ካልገባ። የምን ዱቄት? ትርንጎ ከፋርማሲ የገዛችው ነዋ። አሚኖ አሲድ ይሉታል። "ሰውነት ጡንቻ የሚሠራበት ነው አባዬ፣ ስፖርተኞችም ይወስዱታል" አለችኝ። "ደግሞ ስፖርተኛ ልታደርጊኝ ነው?" አልኳት። ዱቄቱ በቆርቆሮው እንዳለ አጠገቤ ተቀመጠ። እግሬ አልቆምም አለ፣ ጡንቻ ካልመጣ፤ ጡንቻ አልመጣም አለ፣ ዱቄቱ ካልገባ። እኔም ተኛሁ።

ትርንጎ በውሃ በጥብጣ አቀረበችልኝ። አሸተትኩት፤ ወተት ወተት አለኝ። ጊዜው ደግሞ ሁዳዴ ነው። "ይሄን ከላም ነው ያወጡት" አልኳት። "በሽተኛ እኮ ነህ፣ አባዬ።" "በሽተኛ ነኝ እንጂ ከሃዲ አይደለሁም!" ብርጭቆውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። አፌ አልከፈትም አለ፣ የነፍስ አባቴ ካልፈቀዱ። እግሬ አልቆምም አለ፣ ጡንቻ ካልመጣ፤ ጡንቻ አልመጣም አለ፣ ዱቄቱ ካልገባ፤ ዱቄቱ አልገባም አለ፣ አፌ ካልተከፈተ፤ አፌ አልከፈትም አለ፣ የነፍስ አባቴ ካልፈቀዱ።

የነፍስ አባቴ አባ ተክለ ዮሐንስ መጡ። አሳለሙኝና ቆርቆሮውን አገላብጠው አዩት። "መድኃኒት ከሆነ ለታመመ ሰው ይፈቀዳል፣ ልጄ" አሉ። "ጉልበት ማሳመሪያ ከሆነ ግን በሁዳዴ አልፈቅድልህም። ሐኪሙ ይንገረኝ።" ይሄውላችሁ። እግሬ አልቆምም አለ፣ ጡንቻ ካልመጣ፤ ጡንቻ አልመጣም አለ፣ ዱቄቱ ካልገባ፤ ዱቄቱ አልገባም አለ፣ አፌ ካልተከፈተ፤ አፌ አልከፈትም አለ፣ አባ ካልፈቀዱ፤ አባ አልፈቅድም አሉ፣ ሐኪሙ ካልተናገረ።

ትርንጎ ሐኪሙ ዘንድ ወረደች። ዶክተር ሰይድ ይባላል፤ ቲቢዬን ያከመኝ እሱ ነው። "ኩላሊቱን ሳልመረምር ይውሰድም አይውሰድም አልልም። አምጪው" አላት። በምን ታምጣኝ? ባጃጅ እኛ ሰፈር ድረስ አይወጣም። የዕድር ሰዎች ደግነታቸው ይቆጠርላቸውና ቃሬዛ ይዘው መጡ። አባረርኳቸው። በእኛ ሰፈር በቃሬዛ የሚወርደው ሬሳ ነው፤ በቃሬዛ ወርዶ በእግሩ ሲመለስ ያየሁት የለም። "በቃ እኔ ልዘልህ" አለች ትርንጎ። "ሬሳዬን ካልሆነ አታዝይኝም" አልኳት፤ አሁን ሳስበው ምን ዓይነት አፍ ነው ያለኝ እላለሁ።

እግሬ አልቆምም አለ፣ ጡንቻ ካልመጣ፤ ጡንቻ አልመጣም አለ፣ ዱቄቱ ካልገባ፤ ዱቄቱ አልገባም አለ፣ አፌ ካልተከፈተ፤ አፌ አልከፈትም አለ፣ አባ ካልፈቀዱ፤ አባ አልፈቅድም አሉ፣ ሐኪሙ ካልተናገረ፤ ሐኪሙ አልናገርም አለ፣ በሽተኛው ካልመጣ፤ በሽተኛው አልመጣም አለ፣ እግሩ ካልቆመ። እግሩስ? እግሩማ አልቆምም ብሏል። እዚህ ላይ ስደርስ ሳቄ መጣ፤ ሳቁ ሳል ሆነና አልጋው ላይ አንከባለለኝ። ጎኔ በመተኛት ብዛት ቆስሎ ነበር፤ ቁስሉ መሽተት ጀመረ።

አንድ ጠዋት ዝናብ ጥሎ ስላደረ ግቢው ጭቃ ነው። ትርንጎ ወደ ሽንት ቤት ስትወስደኝ አዳለጣት፣ ተያይዘን ወደቅን። እኔ ከላይ፣ እሷ ከታች። ከሥሬ ወጣችና እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጠች።

"እግርህ ጡንቻህን ይጠብቃል" አለች። "ጡንቻህ ዱቄቱን፣ ዱቄቱ አፍህን፣ አፍህ አባን፣ አባ ሐኪሙን፣ ሐኪሙ አንተን። እኔስ፣ አባዬ? እኔ የምጠብቀው ምንድን ነው? መሞትህን?"

ዞራ ጀርባዋን ሰጠችኝ። "ታዘል" አለችኝ። ታዘልኩ።

ቁልቁለቱ ድንጋይ ብቻ ነው። ፊቴን በጋቢዬ ሸፈንኩ። ሲያዳልጣት "ያዘኝ" ትለኛለች፣ አንገቷን አንቄ እይዛለሁ። ታች አስፋልቱ ዳር አብረውኝ ጭነት ያወርዱ የነበሩ ሰዎች ተቀምጠዋል። ሲያዩን ተነስተው ቆሙ። አንድም የሳቀ የለም፤ ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

በሽተኛው መጣ። ሐኪሙ የጎኔን ቁስል አጥቦ ደሜን አስመረመረ፣ ኩላሊቴ ደህና ሆኖ ተገኘ። "ለእርስዎ መድኃኒት ነው። ግን ብቻውን ጡንቻ አይሆንልዎትም፣ አባቴ፤ በደንብ ይብሉ፣ እግርዎን በየቀኑ ያንቀሳቅሱ" አለኝ፣ ለአባም ደወለላቸው። ሐኪሙ ተናገረ፣ አባ ፈቀዱ። አባ ፈቀዱ፣ አፌ ተከፈተ። አፌ ተከፈተ፣ ዱቄቱ ገባ፤ ይመራል እንጂ ወተት ወተት አይልም። ዱቄቱ ገባ፣ ጡንቻ መጣ። ወዲያው እንዳይመስላችሁ፤ ሁዳዴ አልቆ፣ ፋሲካ አልፎ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው፤ ያውም ትርንጎ እግሬን ስታጥፍና ስትዘረጋ እኔ እየተሳደብኩ። ጡንቻ መጣ፣ እግሬ ቆመ።

እግሬ ቆመና ሽንት ቤት ሄድኩ። ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ ሄድኩ፣ ገባሁ፣ በሩን ከውስጥ ዘጋሁት። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፤ ደስ ብሎኝ ነው።

ልነግራት ስመለስ ትርንጎ መሬት ላይ ተኝታ አገኘኋት። ልብስ ልታነሳ አጎንብሳ ነበር። "ወገቤ፣ አባዬ" አለችኝ። ከዚያ ቁልቁለት ጀምሮ ሲያማት ኖሯል፤ ጥርሷን ነክሳ ነው እኔን ስታነሳ የከረመችው። ዶክተር ሰይድ የጀርባዋ ዲስክ ተንሸራቷል አለ። ከእንግዲህ ከባድ ነገር አታነሳም። ፋብሪካውም ሌላ ሰው ቀጠረ።

ወገቧ አልነሳም አለ፣ ካላረፈ። ዕረፍት አልመጣም አለ፣ ሌላ ሰው ካልቆመላት። ቤቱ ውስጥ ደግሞ ከእኔ ሌላ ሰው የለም።

ቆሜላታለሁ። ውሃ የምቀዳው እኔ ነኝ፣ ሽሮውን የምሠራው እኔ ነኝ። ሁልጊዜ ይጓጉልብኛል። በትራስ ደገፍ አድርጌያት አጎርሳታለሁ፤ ከነጓሉ ትበላለች።