የገናዡ ዐይኖች

አንድ ገናዥ ነበረ። በአገሩ ሰው ሲሞት ሬሳውን የሚያጥበው፣ በከፈን የሚጠቀልለው፣ ዐይኑንም በጣቱ የሚከድነው እርሱ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሲሠራ ሙታንን ፈርቶ አያውቅም።

አንድ ቀን ጠዋት ሲነቃ ዐይኑ አልገለጥ አለው። የፀሐይ ሙቀት ፊቱ ላይ ይሰማዋል፤ ሽፋሽፍቱ ግን ተጣብቋል። በምራቁ እያራሰ በግድ አላቀቀው። የዐይኑ ቆብ ቀልቶና አብጦ፣ አሸዋ እንደ ገባበት ይቆረቁረው ነበር። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ሊነቃ ሲል ሁለት ቀዝቃዛ ጣቶች ቆቦቹን ቁልቁል ሲጫኗቸው ተሰማው። አነካካቸውን አወቀው፤ የራሱ አነካክ ነበር።

«ሙታኑ እኔን መገነዝ ጀመሩ» አለ።

ሥራውን ተወ። ቤቱን ለቆ ከወንዝ ማዶ እኅቱ ዘንድ ገባ፤ ጣቶቹም ተከተሉት። ቀኑን ሙሉ ዐይኑን ያሻል፤ ባሸው ቁጥር ይብስ ይቀላል።

በመጨረሻ እኅቱ እጁን ይዛ ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ነርሷ ንጹሕ ጨርቅ በሞቀ ውሃ ነክራ በተከደኑት ዐይኖቹ ላይ አደረገችለት። ሰውየው ፊቱ በጨርቅ ሲሸፈን የተገነዘ መሰለው። እርሷ ግን ጥቂት አቆይታ፣ የሽፋሽፍቱን ሥር በቀስታ ጠርጋ፣ ጨርቁን እጁ ላይ አኖረችለት። ቢጫ ቅርፊት ነበረበት።

«ዐይንዎን ያጣበቀው ይህ ነው» አለችው። «ከራስዎ ቆብ ጠርዝ ወጥቶ የሚደርቅ ነው። ጠዋትና ማታ እንዲህ ያድርጉ፤ በእጅዎ ግን አይሹት።»

«ከዚያ ይለቀኛል?»

«ይሻልዎታል። ከተዉት ይመለሳል።»

እንዳለችው አደረገ፤ ጣቶቹም ቀሩ። ዳንሁ ብሎ ጨርቁን ተወው። በወሩ አንድ ጠዋት ሁለቱ ጣቶች ቆቡ ላይ ነበሩ። በዚህ ጊዜ አልሸሸም። በዳሰሳ ተነሥቶ እሳት አያይዞ ውሃ ጣደ። ውሃው እስኪሞቅ ጣቶቹ አልተነሡለትም፤ እርሱም እንደ ተጨፈነ አብሯቸው ተቀመጠ። የሞቀውን ጨርቅ ሲያሳርፍ ቀስ ብለው ተነሡ። ከዚያ ወዲህ አንድም ጠዋት ሳይጠርግ አልዋለም፤ ወደ ሥራውም ተመለሰ።

እንግዲህ የሺመቤት፣ «በእኅቴ መቅናቴን ተናዝዤ ትቼው ነበር፤ ተመልሶ መጣብኝ፤ ንስሐዬ ሐሰት ነበረን?» ብለሽ እኔን የንስሐ አባትሽን ጠይቀሽኛል። ሐሰት አልነበረም። የሰውየው ዐይንም በእውነት ተሽሎት ነበር፤ የሳተው አንድ ጊዜ መታጠብ ለዕድሜ ልክ ይበቃኛል ማለቱ ነው። ቅናትሽ ከራስሽ ልብ ይወጣል፤ ባልጠረግሽው ቀን ይደርቅና የእኅትሽን ፊት ይከድንብሻል። ለምን መጣብኝ እያልሽ፣ እርሱ ዐይኑን እንዳሸ፣ አትሺው። ዛሬ ሂጂና ደጇን አንኳኪ፤ ስትከፍትልሽ ፊቷን እያየሽ ደኅንነቷን ጠይቂያት። ነገም ሂጂ።