የቆቋ ስብራት

ተረት ተረት ስላችሁ የላም በረት በሉኝ።

አንዲት ቆቅ ነበረች። አምና ወጥመድ ክንፏን ሰብሮባት፣ ክረምቱን ሙሉ መሬት ለመሬት ስትጎተት ከርማለች። እንደምንም ድና ዘንድሮ ከቁጥቋጦ ሥር እንቁላሎቿን ታቅፋ ሳለ፣ ቀበሮ መሬቱን እያሸተተ መጣ። ብትበር እንቁላሎቿን ይበላባታል፤ ብትቀመጥ እሷንም አብሮ።

ያን ጊዜ የአምናው አካሄዷ ትዝ አላት። ዘላ ወጣችና የዳነውን ክንፏን እየጎተተች ከፊቱ ተንፏቀቀች።

«አንቺ፣ ስብራትሽ ገና አልዳነም እንዴ?» አላት አምና ስትጎተት በሩቅ አይቷት የነበረው ቀበሮ ምራቁን እየዋጠ።

«የት ድኖ ጌታዬ!» አለች እያቃሰተች።

ቀበሮ ተከተላት። ሊይዛት ሲል ፈቀቅ፣ ሊይዛት ሲል ደግሞ ፈቀቅ እያለች በአቅራቢያው ያለውን ወንዝ በድንጋይ በድንጋይ አሻገረችው። ከወንዙ ማዶ ጥርሱ የጭራዋን ላባ ነቅሎ ሲያስቀር፣ እሷ ብር ብላ ተነሣች።

በሰማይ ዞራ ተመልሳ ስትታቀፍ፣ ከሆዷ ሥር ኳ ኳ የሚል ድምፅ ሰማች። ጫጩቶቿ ቅርፊቱን ከውስጥ እየሰበሩ ነበር። ገና እየተንቀጠቀጠች ሳቀች።

ተረቴን መልሱ፤ ዳቦውን ግን ለእሷ ፈርፍሩላት።